ጡቴን ተሰርቻለሁ፣ ልጄን ማጥባት እችላለሁ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ
ሰላም እህቶቼ። የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ከማግባቴ በፊት ጡቴን ተሰርቻለሁ፤ ሲሊኮን ነው። ባሌ ያውቃል፣ እናቴ ግን አታውቅም። ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ የሻንጣዋ ግማሽ የአጥሚት እህልና አብሽ ነው። «አብሹን ጠጪ እንጂ ወተቱ ይንዠቀዠቃል» ትለኛለች። እኔ በውስጤ እጨነቃለሁ። የተቀደድኩት በጡቴ ጫፍ ዙሪያ ነው፣ ጥቁሩ የሚያልቅበት ጋ። የግራው ጫፍ እስካሁን እንደ ድሮው አይሰማኝም። ወተት ይመጣልኛል? ሲሊኮኑስ ልጄን አይጎዳም? ሐኪሜን እንዳልጠይቅ እናቴ ሁሌ አጠገቤ ናት። እንግሊዝኛ ባይገባትም፣ እጄን ደረቴ ላይ ካደረግኩ ይገባታል 😅

የብስራት እናት
ማርያም በሽልም ታውጣሽ። እኔም ተሰርቻለሁ፣ ግን የተቀደድኩት ከጡቴ ስር እጥፋቱ ላይ ነው፤ ኢምፕላንቱም (የገባው ሲሊኮን) ከጡንቻ በታች ነው። ሁለቱንም ልጆቼን አጥብቻለሁ። ማንም ያልነገረኝ ነገር ህመሙ ነው። ወተቱ በሦስተኛው ቀን ገደማ ሲመጣ የማንኛዋም ሴት ጡት ያግታል። እኛ ደግሞ ከስሩ ቦታ የያዘ ነገር አለን። ጡቴ ድንጋይ ሆነ፣ ቆዳው አብረቀረቀ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ልጁ መያዝ አቃተው። ሁለታችንም አለቀስን።

የገላገለችኝ አንዲት ነርስ ናት። ከማጥባትሽ በፊት በጣቶችሽ ጫፍ ጥቁሩን ዙሪያውን ይዘሽ ወደ ደረትሽ ቀስ ብለሽ ትጫኚዋለሽ፣ አንድ ደቂቃ ያህል። ይለሰልሳል፣ ልጁም ይይዛል። ካጠባሽ በኋላ በረዶ በፎጣ ጠቅልለሽ ታስቀምጪበታለሽ። እናትሽ በሙቅ ፎጣ ካልተኮስኩሽ ሊሉሽ ይችላሉ፤ ሙቀቱን አታብዢው፣ እብጠቱን ያብስብሻል።

አዲስ ሙሽራ
እኔ ግን ሲሊኮኑ ወደ ወተቱ ይገባል ሲሉ ነው የምሰማው። ምን አስጨነቀሽ፣ ፎርሙላ ስጪና ተገላገይ።

ነርሷ ከቨርጂኒያ
አዲስ ሙሽራ፣ ይሄ ወሬ እኛም ክፍል በየጊዜው ይመጣል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ የካናዳ ጥናት ሲሊኮን የሚሰራበትን ሲሊከን በወተት ውስጥ ለክቶ ነበር። ኢምፕላንት ባላቸውና በሌላቸው እናቶች ወተት ውስጥ የተገኘው ተቀራራቢ ነው። በላም ወተትና በፎርሙላ ውስጥ ያለው እንዲያውም ይበልጣል። ስለዚህ በሲሊኮን ፍራቻ ወደ ፎርሙላ መሮጥ ትርጉም የለውም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ ላንቺ ዋናው ጥያቄ የወተቱ መጠን ነው። በጫፉ ዙሪያ ሲቀደድ የወተት ቱቦዎችና ነርቮች ሊቆረጡ ይችላሉ። ልጁ ሲጠባ «ወተት አምጪ» ብሎ ለአንጎል የሚናገረው ያ ነርቭ ነው። የግራው መደንዘዙ ወተቱ ሊያንስ እንደሚችል ይጠቁማል እንጂ አይመጣም ማለት አይደለም፤ ነርቭም ቱቦም በዓመታት ውስጥ ሊያገግሙ ይችላሉ። ሌላው፣ ያሰራሽው ጡትሽ ከጉርምስና ጀምሮ ስላላደገ ከሆነ እጢው ራሱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። በእርግዝናው ጨመር ካለ ጥሩ ምልክት ነው።

አሁኑኑ ለማህፀን ሐኪምሽና ለልጁ ሐኪም ንገሪ። አፍሽን ከያዘሽ በፖርታሉ፣ በሆስፒታሉ የኢንተርኔት መልእክት መላኪያ ማለቴ ነው፣ ጻፊላቸው፤ እናትሽ አያዩትም። ሆስፒታሉ የጡት ማጥባት አማካሪ እንዲመድብልሽ ጠይቂ። እንደወለድሽ በአንደኛው ሰዓት ጡት ስጪ፣ እንገሩ አይለፈው። ከዚያ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ። መለኪያሽ ዳይፐርና ሚዛን ነው፦ ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ የረጠበ ዳይፐር፤ ክብደቱ ደግሞ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ተወለደበት መመለስ አለበት። ዳይፐሩ ካነሰ ወይም ልጁ እየፈዘዘ ከተኛ ቀጠሮ አትጠብቂ። የወተት ማለቢያ ፓምፑን ኢንሹራንስሽ ሳይሸፍነው አይቀርም፣ በ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የጤና ሕግ መሠረት የአብዛኞቹ ግዴታ ነው፤ አሁኑኑ እዘዢ። አጥሚቱን ጠጪ፣ ጉልበት ነው። አብሽ ላይ ግን ተስፋሽን አትጣዪ፤ ስኳር ካለብሽ ደግሞ ሐኪም ሳትጠይቂ አትጠጪ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ
ወለድኩ! ሴት ናት። ቀኙ ደህና ነው፣ ግራው ጠብ ጠብ ነው የሚለው። ክብደቷ አልመለስ ሲል አማካሪዋ ቀጭን ቱቦ ከጡቴ ጫፍ ጋር በፕላስተር አጣብቃ አሳየችኝ። ልጄ ጡቴን ስትጠባ ፎርሙላው በቱቦው ይመጣላታል። አሁን ክብደት እየጨመረች ነው። እናቴ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች። «ሐኪም ያዘዘው ነው» አልኳት፣ ውሸትም አይደለም። አሁን ፕላስተሩን የምትለጥፈው እሷ ናት፤ ከእኔ ይልቅ ቀጥ ይልላታል። ግን ቱቦው ውስጥ ወተት ይደርቃል። እንዴት ነው የምታጥቡት?

የብስራት እናት
እንኳን ማርያም ማረችሽ! በማርያም፣ ፎቶ ላኪ።

ነርሷ ከቨርጂኒያ
እንኳን ማርያም ማረችሽ። ወዲያው እንደጨረስሽ በሲሪንጅ ቀዝቃዛ ውሃ አሳልፊበት፣ ቀጥሎ ሞቅ ያለ የሳሙና ውሃ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቂው። በመጨረሻ በባዶ ሲሪንጅ አየር ንፊበትና ይድረቅ። ቱቦው ቢጫ ከሆነ ወይም ከጠነከረ ጣዪው፣ አማካሪዋ ሌላ ትሰጥሻለች።