የክረምቱ የአጠናን ዘዴ ፕሮፖዛል፦ እስከ ሐሙስ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊዋ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ማኅበራችን ረቂቅ እዚሁ ቡድን ላይ ከላይ ተለጥፏል። ዓላማው አጭር ነው። በክረምት ለ6 ሳምንት፣ እሁድ እሁድ፣ ልጆች እንዴት እንደሚያጠኑ እናስተምራለን። ትምህርቱን አይደለም፣ አጠናኑን። ሦስት ቡድን ነው፦ ከ3ኛ እስከ 5ኛ፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ። ማንበብ የሚከብዳቸው ለብቻ አይነጠሉም፣ በየቡድናቸው አጋዥ ይኖራቸዋል። በጀት 41,600 ብር። ሐሙስ ለትምህርት መምሪያ ይገባል። ያላነበበ አስተያየት አይስጥ።

ቦርከና፦ አነበብኩ። ገጽ 1 ላይ "መጽሐፍ ማስመር ብቻውን ጥናት አይደለም" ይላል። ገጽ 3 ላይ "ሃይላይተር (ማስመሪያ ቀለም) 120 ፍሬ፣ 5,400 ብር"። የቱን እንመን?

ሒሳብ ያዥ፦ የተማሪ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ነው። ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ሃይላይተር። እንደ አምናው።

ቦርከና፦ እንደ አምናው ከሆነ ለምን አዲስ ፕሮፖዛል ጻፍን? አምና ቦርሳ አድለን ፎቶ ተነስተን ተለያየን።

ፒያሳ፦ ነገሩ ወደኔ ከሆነ ቀጥ ብለህ ተናገር። ሃይላይተሩን የሰጠሁት በመጣበት ዋጋ ነው። በ45 ብር ደሴን ብትዞር አታገኝም። በ2014 ሱቄ ባዶ መደርደሪያ ሲቀር አንድ ሰው መጥቶ "እንዴት ሆንክ" ያላለኝ ማኅበር ዛሬ እንደ ሌባ ያየኛል!

ቦርከና፦ ስለ ሱቅ ማን አነሳ? ስለ ሃይላይተር ነው ያልኩት።

ፒያሳ፦ ሃይላይተሩ ከየት መጣ ታዲያ፣ ከኮምቦልቻ?

የጦሳ ልጅ፦ 😂😂 ጀመሩ።

ቲቸር፦ ሱቁንም ሃይላይተሩንም አንዴ ተዉት። ሰሞኑን አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ የባዮሎጂ መጽሐፏን ይዛ ቤቴ መጣች። ስለ ኢንዛይም ያለው ገጽ በሙሉ ቢጫ ነው። ርዕሱ ቢጫ፣ የሥዕሉ መግለጫ ቢጫ፣ የገጹ ቁጥር ሳይቀር ቢጫ። መጽሐፉን ዘጋሁና "ኢንዛይም ሙቀት ሲበዛበት ምን ይሆናል?" አልኳት። ዝም። "ኧረ ቲቸር አውቀዋለሁ፣ ከታች በግራ በኩል ነው ያለው" አለችኝ። ቦታውን ታውቀዋለች፣ ነገሩን አታውቀውም። ገጽ 1 ላይ የጻፍኩት ከራሴ አምጥቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገር እና ካርፒክ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለኮሌጅ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ሰጡ። አንዱ ቡድን 4 ዙር አነበበ። ሌላው 1 ዙር አንብቦ 3 ዙር ያስታወሰውን በባዶ ወረቀት ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢው 40 በመቶ፣ ጸሐፊው 61 በመቶ አስታወሰ። የኛ ልጆች የሚያምኑት 5 ደቂቃዋን ነው።

የጦሳ ልጅ፦ እኔ ግን 12ኛን ያለፍኩት አስምሬ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ሰኞ ገበያ፦ አንተ ያለፍከው አባትህ በየማታው ስለሚጠይቁህ ነው። ጎረቤት ነበርኩ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሁሉም ይሰማ ነበር። ስትስት የሚደርስብህም ይሰማ ነበር።

የጦሳ ልጅ፦ 🙈

ሰኞ ገበያ፦ ደግሞ ይሄ የአሜሪካ ግኝት ነው እንዴ? ወሎ ውስጥ የቁርአን ቤት ደረሳ የትናንቱን ሳያሰማ የዛሬውን ማን ይሰጠዋል? የቆሎ ተማሪውስ ቢሆን ብራና ላይ ዓይኑን ተክሎ ነው እንዴ የሚውለው? በቃሉ ይላል፣ ይስታል፣ ይታረማል፣ ይደግማል። እኛ ዘመናዊ ስንሆን ጣልነው፣ አሁን በፕሮፖዛል እናስመልሰው።

ቲቸር፦ ትክክል። ማሰማቱ ራስን መፈተን ነው። ቀን እያለፈ መደገሙ ደግሞ ሌላው መድኃኒት ነው። ለፈተና 6 ሰዓት ካለህ በአንድ ሌሊት አትጨርሰው፣ በሦስት በአራት ቀን በትነው።

ቦርከና፦ ጥሩ። ስለዚህ ሃይላይተሩ ይውጣ።

ሒሳብ ያዥ፦ ዕቃው መጋዘን ገብቷል። ደረሰኝ ተቆርጧል።

ቦርከና፦ ሳይጸድቅ?!

ሒሳብ ያዥ፦ ዋጋ ሳይጨምር ብዬ ነው። አንተ ባለፈው የቦርሳውን ዋጋ እስክትከራከር ስንት ብር እንደጨመረብን ረሳኸው?

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ፣ ሳይጸድቅ መግዛትዎ ልክ አይደለም። ይሄን በስብሰባ እናየዋለን። ቦርከና፣ አንተም ድምፅህን ቀንስ። የሚቀጥለው ሰው ስለ ሌላ ነገር ይጻፍ እባካችሁ።

ፒያሳ፦ መልሱልኝ። ነገ ጠዋት መጋዘኑን ክፈቱልኝና 120ውንም አወጣለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ማኅበሩ እስክርቢቶም ከኔ አይግዛ።

(ፒያሳ ከቡድኑ ወጥቷል)

ሰኞ ገበያ፦ በሉ፣ አሁን ደስ አላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ከጠዋት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። የኔ ትንሹ 4ኛ ክፍል ነው፣ ማንበብ ይከብደዋል፣ አንዷን መስመር እስኪጨርስ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሲደክመው መጽሐፉን ከአልጋ ሥር ይደብቀዋል፣ እኔም እያወቅሁ ዝም እላለሁ። "ራስህን ፈትን" ብትሉት ምን ይገባዋል? ስለ ሃይላይተር ይሄን ሁሉ ጻፋችሁ፣ ስለሱ አንድም።

ቲቸር፦ ይቅርታ፣ እውነትሽን ነው። ለትንንሾቹ "ዘዴ" እያሉ ማብራራት አይሠራም፣ ጨዋታ ነው የሚሆነው። የካርዱ ፊት ላይ 7 ሲባዛ በ8፣ ጀርባው ላይ መልሱ። ማንበብ ለከበደው ሥዕል፣ ወይም አጋዡ ያነብለታል፣ እሱ በአፉ ይመልሳል። የመለሰውን ወደ ሁለተኛው የጫማ ካርቶን፣ የሳተውን እዚያው። ሁለተኛውን ካርቶን በሦስተኛው ቀን ነው የሚከፍተው። 10 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከዚያ ይሩጥ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጭራሽ ያልገባውን ልጅ መጠየቅ ማሸማቀቅ ነው። መጀመሪያ ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ ይየው፣ ቀጥሎ ግማሹን እሱ ይሙላ፣ ከዚያ ለብቻው ይሥራ። ጎበዙ ልጅ ደግሞ ምሳሌ ሲደጋገምበት ይሰለቻል፣ ቶሎ ልቀቁት። ለዚህ ነው ለትንንሾቹ ቡድን ቢያንስ 8 አጋዥ የጠየቅሁት። ማን ይመዘገባል?

የጦሳ ልጅ፦ እኔ አለሁ።

ሰኞ ገበያ፦ እኔም፣ እሁድ ከሰዓት ከሆነ።

ቲቸር፦ ጠዋት ነው።

ሰኞ ገበያ፦ እንግዲያው እናያለን ኢንሻ አላህ።

ጸሐፊዋ፦ ሁለት ሰው፣ አንዱ "እናያለን"። ሌላ?

(ማታ 3፡40)

ጸሐፊዋ፦ ሌላ? አንብባችሁታል፣ ምልክቱ ይታየኛል።

(በማግስቱ)

የጦሳ ልጅ፦ እኔ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ዋናው ነገር ራስን መፈተን ነው ካላችሁ ለምን የጥያቄና መልስ ውድድር አናደርገውም? ደሴ ከኮምቦልቻ! በአገር ደረጃ በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ 3.3 በመቶ ነው፣ በ2015 ደግሞ 3.2። ልጆቹን የሚያነቃቃ ነገር ያስፈልጋል። ዋንጫ እንግዛ።

ቦርከና፦ ይሄ ሐሳብ ነው! ኮምቦልቻ ዝግጁ ናት።

ሰኞ ገበያ፦ ባለፈው በኳሱ 3 ለ 0 የሄዳችሁት ሳይረሳ?

ቦርከና፦ ዳኛው የማን ሰፈር ልጅ ነበር?

ቲቸር፦ ቆይ ቆይ። ውድድር ላይ የሚመልሰው ቀድሞ የሚያውቀው ነው። አንዱ እጁን ያወጣል፣ 200ው ያጨበጭባል። ያጨበጨበው ምን ተማረ? ቢያንስ ሁሉም መልሱን በወረቀት ይጻፍ፣ ከዚያ...

ቦርከና፦ ቲቸር አብሽር፣ እሱ በኋላ ይስተካከላል። ጥያቄው መኪና ነው። ነሐሴ ላይ ሐረጎ ጉም ነው፣ የኛ ልጆች ዳገቱን የሚወጡት በምን ሒሳብ ነው?

ሒሳብ ያዥ፦ የሚኒባስ ኪራይ ከአጋዦች አበል ላይ ይቀነሳል። አጋዥ ካልተገኘ አበሉ ለምን ይቀመጣል?

ሰኞ ገበያ፦ ሃይላይተሩስ?

ሒሳብ ያዥ፦ ለሽልማት። ፒያሳን ደውዬ አናግሬዋለሁ፣ ቡና ጠጥተናል፣ ተስማምቷል። ዋንጫውንም እሱ ያመጣል።

(ፒያሳ ቡድኑን ተቀላቅሏል)

ፒያሳ፦ ሰላም። ዋንጫው ላይ ስም ይቀረጻል፣ የፊደሉ ዋጋ ለብቻ ነው።

ቦርከና፦ እንኳን መጣህ ወንድሜ። ትናንት የተናገርኩት አፌ አመለጠኝ።

ጸሐፊዋ፦ የተሻሻለው ረቂቅ ተለጥፏል። ርዕሱ "የክረምት የጥያቄና መልስ ውድድርና የጥናት ማነቃቂያ" ሆኗል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ፣ 2 እሁድ። በጀቱ ያው 41,600። ቲቸር፣ ገጽ 1ን ወደ ገጽ 4 አውርጄዋለሁ፣ አልተሰረዘም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ከ3ኛ እስከ 5ኛ የሚለው የት ሄደ?

ጸሐፊዋ፦ ለሁለተኛ ዙር ተይዟል። ከ8 አጋዥ አንድ ነው የተገኘው።

የሁለት ልጆች እናት፦ እሱስ ማን ነው?

ጸሐፊዋ፦ የጦሳ ልጅ።

የጦሳ ልጅ፦ እኔ እኮ ውድድሩን መድረክ ላይ እመራለሁ ተባልኩ...

ቲቸር፦ እኔ እሁድ ጠዋት ቤቴ ነኝ። ልጅሽን ላኪው። ሁለት ባዶ የጫማ ካርቶን ይዞ ይምጣ።

ቦርከና፦ የመጀመሪያው እሁድ ኮምቦልቻ ነው አይደል? ረቂቁ ላይ "ደሴ" የሚል አየሁ፣ የጽሕፈት ስህተት መሰለኝ።