«ሺቴይ ፉኒ»ን «አንድነት» ብሎ መተርጎም ያስኬዳል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። ሶካ ጋካይ የተባለው የጃፓን የቡድሂዝም ማኅበር የመምህርንና የደቀ መዝሙርን ግንኙነት «ሺቴይ ፉኒ» ይለዋል። እንግሊዝኛውን ተከትዬ «የመምህርና የደቀ መዝሙር አንድነት» ብዬ ተርጉሜው ነበር፤ ደጋግሜ ሳነበው ግን ደቀ መዝሙሩ መምህሩን የሚጠይቅበት በር የተዘጋ መሰለኝ። ጥፋቱ የትርጉሜ ነው ወይስ የሐሳቡ?

መልስ፦
ጥያቄዎ ተገቢ ነው። «ሺ» መምህር ነው፤ «ቴይ» እዚህ ደቀ መዝሙር ነው፣ የሚጻፍበት ምልክት ግን ብቻውን ሲቆም ታናሽ ወንድም ማለት ነው። «ፉ» አፍራሽ፣ «ኒ» ደግሞ ሁለት ስለሆነ፣ «ፉኒ» ቃል በቃል «ሁለት ያልሆነ» እንጂ «አንድ» አይደለም፤ ሐረጉ በሙሉነቱ ሲነገርም «ሁለት ሲሆኑ ሁለት ያልሆኑ» ነው። «አንድነት» የፊተኛውን ግማሽ ይውጠዋል፤ ሁለት ካልሆኑ ደግሞ ጠያቂም ተጠያቂም የለም። «ተዋሕዶ» የሚለውንም አልመክርም፤ በእኛ ጆሮ የነገረ ክርስቶስ ቃል ነውና።

ነገር ግን ጥፋቱ ሁሉ የትርጉም አይደለም። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1930 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከመሠረቱት አንዱ ማኪጉቺ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእምነቱ ምክንያት ታስሮ በ1944 በእስር ቤት ሞተ፤ አብሮት የታሰረው ደቀ መዝሙሩ ቶዳ በ1945 ተፈትቶ ማኅበሩን መልሶ አቋቋመ፣ ኋላም ራሱ የኢኬዳ መምህር ሆነ። እዚህ ድረስ ደቀ መዝሙር የነበረው በተራው መምህር እየሆነ ነው የመጣው። ኢኬዳ በ1960 ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ሆኖ በ2023 አረፈ፤ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብም ሦስቱን ፕሬዚዳንቶች «ዘላለማዊ መምህራን» ይላቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ቅጽል ነው። መምህሩ ዘላለማዊ ከሆነ ደቀ መዝሙሩ መቼ ይመረቃል?

የቅኔ ቤትን ያስታውሷል። ተማሪው ቆጥሮ ያደረውን ቅኔ በየኔታ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል፣ ከዚያም ሌላ መምህር ፍለጋ አገር ያቋርጣል፤ በመጨረሻም ራሱ ጉባኤ ዘርግቶ «የኔታ» ይባላል። ቃሉ «የእኔ ጌታ» ከሚለው የመጣ ሆኖ ሳለ፣ ሥርዓቱ ግን ተማሪውን ለዘወትር ሎሌነት አያሳድገውም። ማኅበሩ ትምህርቱን የሚቀዳበት የ13ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ ኒቺረንም «ሕጉን ተከተሉ፣ ሰውን አትከተሉ» የሚለውን የቡድሃ ቃል ደጋግሞ ይጠቅስ ነበር፤ መምህሩን መጠየቅ ስለዚህ ከትምህርቱ መውጣት ሊባል አይገባም።

ሌላ አባል፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ሳይነሣ እንዳይታለፍ። የሶካ ጋካይ አባላት ራሳቸው ግንኙነቱ የሚጸናው በደቀ መዝሙሩ ውሳኔ እንጂ በመምህሩ ትእዛዝ አይደለም ይላሉ። ይህን ማቃለል አይገባም፤ በዚህ ቃል ተጽናንተው ሕይወታቸውን ያቀኑ ሰዎች ብዙ ናቸው።

መልስ፦
ልክ ብለዋል፣ ላቃልለውም አልሻም። ነገር ግን ውሳኔው በእርግጥ የደቀ መዝሙሩ ከሆነ፣ «በዚህ አልስማማም» ያለ አባል «መንፈሱ አልገባህም» ሊባል አይገባም፤ መልስ ሊሰጠው ይገባል። ለትርጉሙ የማቀርበው «ሁለት ሲሆኑ የማይነጣጠሉ መምህርና ደቀ መዝሙር» የሚለውን ነው፤ ርዝመቱ ቢከብድም «ሁለት» የሚለው ቃል እንዳይወጣ አደራ እላለሁ።