እማዬ ሁለት ወር ሙሉ በእግሯ ሄዳ ኪሎዋ ንቅንቅ አላለም፣ ምን ይሻላል?

የፒያሳ ልጅ፦ ሰላም ናችሁ? እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ 91 ኪሎ ትመዝናለች። ስኳሯ ከፍ ብሏል፣ መድኃኒት ግን አልጀመረችም። ሐኪሙ «እስቲ በእግርዎ ይሂዱ» ብሎ ሸኛት። ደግሞ ጠንክራለች! ጠዋት ኪዳን አድርሳ፣ ከጎንደር ፒያሳ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ወርዳ ትመለሳለች፣ በሳምንት አምስት ቀን። ትናንት ሚዛን ላይ ብትወጣ ያው 91። «ጫማዬን ጨረስኩ እንጂ ምን አተረፍኩ» ብላ ቁጭ አለች። እውነት ጥቅም የለውም?

ነርሷ፦ ሚዛኑን ተወው። በእርምጃ ብቻ ኪሎ ብዙም አይወርድም፣ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ጭራሽ። ለውጡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ኢንሱሊንን (የደም ስኳርን የሚቀንሰውን ሆርሞን) ሳይጠብቅ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል፣ ከእርምጃው በኋላም አንድ ሁለት ቀን ሰውነት ለኢንሱሊን የተሻለ ይታዘዛል። ለዚህ ነው በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ አታቋርጡ የምንለው። ሆድ ዕቃና ጉበት ላይ የተቀመጠው ስብም (ዋናው ጠላት እሱ ነው) ኪሎው ባይነቃነቅ እንኳ ሊቀንስ ይችላል። ደም ግፊቱም ይረግባል። የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልግና ወገባቸውን በእምብርት በኩል ለካ፣ ቀጥሎ የሦስት ወር ስኳር (የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ) አስመርምር። በሳምንት 150 ደቂቃ ከሞሉ በቂ ነው፣ እያወሩ መሄድ የሚችሉበት ግን መዝፈን የማይችሉበት ፍጥነት ይሁን።

የአዘዞው፦ የአባቴን ልንገርህ። እሱም እንደ እናትህ ቁልቁለት ይወርድ ነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱ አብጦ አልጋ ላይ ዋለ። ለከባድ ሰው ጉልበት ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው የሚብሰው፣ የጎንደር መንገድ ደግሞ ታውቀዋለህ። አሁን ሜዳ ሜዳውን ነው፣ ከምሳና ከራት በኋላ 15፣ 15 ደቂቃ። ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ይይዝለታል። ቁልቁለቱን በባጃጅ ይውረዱ፣ ዳገቱን ቀስ ብለው ይውጡት።

ማራኪ፦ እርምጃ ብቻውን አይበቃም ባይ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 65ን ያለፈ 160 ወፍራም ሰዎች፣ አብዛኞቹ ምግብ እየቀነሱ፣ ተከፋፍለው ተሞክረው ነበር፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። እርምጃና የመሳሰለውን ብቻ የሠሩት ከስቡ ጋር ጡንቻም ከሁሉም በላይ አጡ። እርምጃውን ከክብደት ማንሳት ጋር የቀላቀሉት ግን በእንቅስቃሴ ችሎታ ከሁሉም በለጡ። ጂም ግቡ አላልኩም! በርጩማ ላይ ቁጭ ብድግ፣ አሥር አሥር ጊዜ፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ብቻ ወንበሩ እንዳይንሸራተት ግድግዳ ያስደግፉት።

ነርሷ፦ ማራኪ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ካነበበው፣ ጾም ላይ ሆኖ ረጅም መንገድ መሄድ ስኳሩን ዝቅ አድርጎ ሊጥለው ይችላል፣ ሐኪሙን ያማክር። ደረት ላይ የሚጨምቅ ሕመም ከመጣ ደግሞ «ያልፍልኛል» አይባልም፣ ቆሞ ሐኪም ቤት ነው። በነገራችን ላይ እናትህ ከመንገድ ሲመለሱ ምን ይበላሉ?

የፒያሳ ልጅ፦ ያዝሽኝ። ዳቦና ሻይ፣ ሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር አለው። «ደክሞኛል» ትላለች።

የአዘዞው፦ አይ እማማ! የሄዱበትን በስኒ መለሱት በለኛ።

የፒያሳ ልጅ፦ ሜትር ስፈልግ እማዬ ሰማችኝና ሳቀች። መቀነቷ ድሮ ሦስት ዙር ዞሮ ጫፉ በጭንቅ ነበር የሚታሰረው፣ አሁን ሦስት ዞሮ ክንድ ያህል ይንጠለጠላል። እኔ ረዘም ያለ አዲስ መቀነት የገዛች መስሎኝ ነበር። እሷ አውቃዋለች፣ ግን «ሚዛኑ ካላለው ምን ዋጋ አለው» ብላ ዝም ብላኛለች። የሦስት ወር ስኳሩን ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ይዘናል። ሻዩ ላይ አንድ ማንኪያ ተኩል ደርሰናል፣ ድርድሩ ግን አላለቀም።