የኋላ ጎማዬ ጎኑ ተሰንጥቆ መንገድ ላይ ቀርቻለሁ፣ መላ በሉኝ

ሰላም፣ ብስክሌት የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ጢስ ዓባይ ደርሼ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ የኋላ ጎማዬ ጉድ ሠራኝ። ገና ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይቀረኛል፣ ሰዓቱ ደግሞ አሥር አልፏል።

መጀመሪያ ተራ መተንፈስ መስሎኝ ነበር። ከመነዳሪውን (የውስጡን ጎማ) አውጥቼ፣ ከአንድ ቤት በለመንኩት ውሃ ነክሬ ቀዳዳውን አገኘሁት፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ማስቲሽ ቀብቼ፣ ትንሽ አድርቄ ለጠፍኩት። አሪፍ ያዘ። ግን መንፋት ስጀምር ለካ የውጪው ጎማ ጎኑ ላይ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል ስንጥቅ አለው፣ ከመነዳሪው በዚያ በኩል እንደ ማስቲካ ፊኛ ብቅ አለ! ደንግጬ አስተነፈስኩት።

ስንጥቁን ከውስጥ በታጠፈ ብር ወይም በሃይላንድ ቁራጭ ደግፎ መንዳት ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ። ኪሴ ውስጥ አንድ 10 ብር አለ፣ እሱ ቢሠዋ ግድ የለኝም። የቱ ይሻላል? የፕላስቲኩ ጠርዝ ከመነዳሪውን አይቆርጠውም? አየሩንስ ምን ያህል ላሳንሰው? ክብደቴ የሚያርፈው ኋላ ስለሆነ ከፊተኛው ጋር ልቀያይረው አስቤ ነበር፣ ግን ቁልቁለት ላይ ቢፈነዳ በግንባሬ ነው የምደፋው።

መኪና ለምን አትለምንም እንዳትሉኝ፤ ሁለት ሚኒባስ አስቁሜ ጣሪያቸው በጆንያ ሞልቷል። ስልኬ 18 ፐርሰንት ነው ያለው፣ አጠር አድርጋችሁ ጻፉልኝ።