550 ለ 0፦ ተበላሁ ወይስ አልተበላሁም?

የደንገሉ በረኛ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ፍረዱኝ። ትናንት ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ጨዋታው አልቆ ወሬ ላይ ነበርን። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። ሁሉም እንዲሰማው ላውድ ላይ አደረግኩት። "ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 1901 ሲዝኑን ሙሉ 550 አስቆጥሮ ምንም ሳይገባበት ጨረሰ" አይልም! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም፣ "እውነት ከሆነ እዚህ ላለው ሰው ሁሉ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ እጋብዛለሁ" አልኩ። አምስት ሰው ሰምቷል። እኛ እኮ ዓመቱን ሙሉ 20 ጎል አግብተን ዋንጫ የበላን ሰዎች ነን። እባካችሁ ውሸት ነው በሉኝ።

ባለባጃጁ፦
በረኞቹ ተኝተው ነበር እንዴ? ለማንኛውም ስድስተኛ ሰው ካስፈለገ ወደብ አካባቢ ነኝ።

ጡረተኛው የስፖርት መምህር፦
ልጄ፣ ቆሮሶውን አዘጋጅ። እውነት ነው። ግን ልጁ የሚያወራው ስለ አሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው፣ ስለዚያች ሞላላ ኳስ። 550ውን በጎል አታስበው፣ ነጥብ ነው። ያኔ ኳሷን ታቅፎ የባላጋራን መስመር የተሻገረ 5 ያገኛል። (6 የሆነው በ1912 ነው።) ከዚያ በእግሩ ለግቶ በቋሚዎቹ መሃል ካሳለፋት 1 ይጨመርለታል። የተጫወቱት 11 ጨዋታ ነው፣ ሲካፈል 50 ይደርሳል። ቡፋሎን ብቻ 128 ለ 0 ነው የሸኙት።

እኔን የሚደንቀኝ ዜሮዋ ናት። ኳስን ወደ ፊት መወርወር እስከ 1906 ክልክል ነበር። እናም ጨዋታው ግፊያ ነው። በሦስት ሙከራ 5 ያርድ (4 ሜትር ተኩል ያህል) ካልገፋህ ኳሷን ታስረክባለህ። እነዚያ ልጆች መሬት አይለቁም ማለት ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና ላይ፣ በከተማዋ የአዲስ ዓመት የጽጌረዳ በዓል ነበር። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1902፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1894። ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው። ተጋጣሚው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሚሺጋን አሰልጣኝ ፊልዲንግ ዮስት ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው ሲዝን ያሰለጠነው ማንን መሰለህ? ያንኑ ስታንፎርድን! ሚሺጋኖች ስምንት ጊዜ ተሻገሩ፣ 40። አንዴ በጨዋታ መሃል በእግር ለግተው አገቡ፣ እሱም ያኔ 5 ነበር። አራት ጭማሪ፣ 49። ሚሺጋኖች በጀመሩበት 11 ሰው ነው የጨረሱት፣ ቅያሪ የለም። 8 ደቂቃ ሲቀር ስታንፎርዶች "በቃን" አሉ። ጨዋታው እዚያው ቆመ። የበዓሉ አዘጋጆችም እስከ 1916 ፉትቦል አልመለሱም። በመሃል የሠረገላ ውድድር ሁሉ አሳይተዋል።

እኛ ልጅ ሆነን ጣና ዳር ስንጫወት አምስት ከገባብን መላ ነበረን። ኳሷን ሆን ብለን ወደ ሐይቁ እንለጋታለን። ደንገሉ ውስጥ ትሰነቀራለች። ባለ ታንኳው ተለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ በመቅዘፊያው ጎትቶ እስኪያወጣት ይመሻል። ማን አሸነፈ? ማንም! ስታንፎርዶች ሐይቅ አልነበራቸውም።

የደንገሉ በረኛ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቢያምም። ግን "እኔ ያልኩት ስለ እግር ኳስ ነው" ብዬ ውርርዱን ማፍረስ አልችልም?

ጡረተኛው የስፖርት መምህር፦
ይሄውልህ፣ ኳሷን ወደ ሐይቁ ለጋሃት! "እውነት ከሆነ" ነው ያልከው፣ ጽፈኸዋል።

የደንገሉ በረኛ፦
እሺ በቃ ተበላሁ። ቅዳሜ ለምሳ። ስድስተኛው ሰው እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ባለባጃጁ የራሱን ይክፈል።

ባለባጃጁ፦
ጋሼን በነፃ ባደርሳቸውስ?

ጡረተኛው የስፖርት መምህር፦
ተስማምቻለሁ። የእኔ ሚጥሚጣ ይብዛበት፣ ጭንቅላቱንም አትቁረጡብኝ።