ዋርድ (የሆስፒታል አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል) ላይ ሳይሠራ ለሚቀረው ሥራ ተጠያቂው ማነው? ሄድ ነርሷ (የዋርዱ ነርሶች ኃላፊ) ወይስ የሰው እጥረት?

የማታ ተረኛ፦ ትናንት እዚህ «ዋርድ ላይ ሥራ የሚቀረው ሄድ ነርሷ ቢሮ ስለምትቀመጥ ነው» ተብሎ ተጻፈ። አንጀቴ ነው ያረረው። አንዲት ነርስ አሥራ አምስት ታካሚ ይዛ ስታድር፣ ሄድ ነርሷ ብትቆም ብትቀመጥ ምን ይለወጣል? ሰው ጨምሩልን። አለቀ።

ፊት ለፊት፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። የሰው ቁጥራቸው እኩል የሆነ ሁለት ዋርድ ሠርቻለሁ። አንዱ ጋ መንቀሳቀስ የማይችል ታካሚ ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል። ሌላው ጋ የሚገላበጠው ቻርት (የታካሚው መዝገብ) ላይ ብቻ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የ8 እና የ10 ሰዓቱ ተፈርሞ አግኝቻለሁ። ይሄም የሰው እጥረት ነው? ሄድ ነርሷ ጠዋት ገብታ የታካሚውን ጀርባ ብታይ ኖሮ ማንም አይፈርምም ነበር።

የማታ ተረኛ፦ ፊርማው ነውር ነው፣ አልከራከርም። ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የ9 የአውሮፓ አገሮች ጥናት ምን አለ? ነርሷ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ ይጨምራል። ይህን የሚፈታው በጀት ነው እንጂ የሄድ ነርስ ራውንድ አይደለም።

አስተማሪ ነርስ፦ አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ ቤያትሪስ ካሊሽ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ጥናት ሥራ ለምን እንደሚቀር ነርሶቹን ራሳቸውን ነው የጠየቀችው። የሰው ማነስን ጠቅሰዋል። ያለውን ሰው በአግባቡ አለመመደብን፣ «የእኔ ሥራ አይደለም» ማለትንና ልማድንም ጠቅሰዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ልማዱ ነው። ዛሬ የቀረ አፍ ማጽዳት በሳምንቱ ማንም የማያነሳው ነገር ይሆናል። ያንን በጀት አይሰብረውም።

የቀድሞ ሄድ ነርስ፦ «ቢሮ ስለምትቀመጥ» ያልከው ሰውዬ፣ ቢሮ ማን አስቀመጠኝ? የወሩ ፕሮግራም አለ፣ ሪፖርት አለ፣ ስብሰባ አለ። ሁለት ሰው ሲቀርብኝ ከሌላ ዋርድ ለመለመን ስልክ ላይ ነኝ። አልጋ ሞልቷል፣ አትላኩብን ብል የሚሰማኝ የለም። ሥልጣኑን ሳትሰጡ ኃላፊነቱን ብቻ ታሸክሙናላችሁ።

ፊት ለፊት፦ እህቴ፣ ልፋትሽን አልካድኩም። ግን ፕሮግራሙን የምታወጪው አንቺ ነሽ። አዲሶቹን ሁሉ አንድ ሌሊት ላይ የሚያከማች ፕሮግራም አይተናል። ከባድ ከባዱ ታካሚ ለአንዷ፣ ቀላሉ ለጓደኛ።

የቀድሞ ሄድ ነርስ፦ እኔ ለማን አዳላሁ?

ፊት ለፊት፦ አንቺን አላልኩም።

የቀድሞ ሄድ ነርስ፦ «የምታወጪው አንቺ ነሽ» ብለህ አይደል የጀመርከው!

የታካሚ ልጅ፦ የእናቴ እጅ አይታዘዝላትም። የቁርሷ ሳህን እንደተከደነ ምሳ ሰዓት ላይ አገኘሁት፤ ያጎረሳት የለም። ነርሷ ላይ አልፈርድም፣ ስትሮጥ ነው የዋለችው። ለሄድ ነርሷ ስነግራት ግን «ተረኛዋ ማናት?» ብቻ አለችኝ። እናቴ በልታ እንደሆነ እንኳን አልጠየቀችም።

የማታ ተረኛ፦ ይኸው! የቀረውን ሥራ የማናወራው ለዚህ ነው። የተረኛ ርክክብ ላይ «የአልጋ 4 ቁስል አልታጠበም፣ አልደረስኩበትም» ላለች ልጅ ሄድ ነርሷ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር «ተሠርቷል» ነው።

ፊት ለፊት፦ «ምን ይለወጣል?» ያልሽው አንቺ አልነበርሽም? ይኸው፣ አንዲት ሄድ ነርስ ዋርዱን ሙሉ ዝም አሰኘችው።

የማታ ተረኛ፦ ልታበላሽ ትችላለች። ያለ ሰው ታስተካክላለች ግን አላልኩም።

አስተማሪ ነርስ፦ «ያልደረስኩበት ይህ ነው» ያለችውን ሳትቀጣ፣ ቀጣይዋ ከዚያ እንድትጀምር ማድረግ ስንት ሰው ይጠይቃል?

የማታ ተረኛ፦ ቀጣይዋም እኮ የራሷ አሥራ አምስት ታካሚ አላት!

የቀድሞ ሄድ ነርስ፦ እውነቷን ነው። አስተማሪ ሆይ፣ አንድ ሳምንት መጥተህ ዋርዱን ያዝልን፣ ከዚያ እናወራለን።