ኖይዝ ማጥፊያ ሶፍትዌር የቱ ይሻላል? ፊቱ ሁሉ ሰም እየመሰለብኝ ነው

ብርሃን_ፈላጊዋ

ሰላም ናችሁ? መብራቱ ደብዘዝ ያለ አዳራሽ ውስጥ የሙዚቃ ዝግጅት አንስቼ ነበር። ፍላሽ አይፈቀድም። አብዛኛው አይኤስኦ (የካሜራው ብርሃን ማጉያ ልክ) 6400 ላይ ነው የተነሳው፣ ካሜራው 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ሮውም (ያልተነካካው ጥሬ ፋይል) ጄፔግም (ካሜራው አዘጋጅቶ የጨመቀው) አብሮ እንዲያስቀምጥ አድርጌዋለሁ። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ጨለም ያለው ቦታ ሁሉ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ፈሶበታል፣ ፊት ላይም ግራጫ ደቃቅ ነገር ሞልቷል። ኖይዝ የሚሉት ይሄንን ነው።

ጄፔጉን ወስጄ አንድ ኖይዝ ማጥፊያ አፕ ውስጥ ከተትኩት። ነጠብጣቡስ ጠፋ፣ ግን ሰዎቹም አብረው ጠፉ። ቆዳቸው ሰም መሰለ። የዘፋኟ ቅንድብ በአንድ ብሩሽ የተሳበ መስመር ሆኖ ቀረ።

አንዱ ቶፓዝ የሚባለውን ፕሮግራም ግዢ ይለኛል፣ አንዱ ዲኤክስኦ ይላል፣ ሌላው ፎቶ ማስተካከያው ላይትሩም ውስጥ ያለው ይበቃሻል ይላል። ላፕቶፔ ደግሞ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም። የቱን ልያዝ? ስላይደሩንስ (መጠን መጎተቻውን) የት ላይ ነው ማቆም ያለብኝ? እባካችሁ በሰው ቋንቋ ንገሩኝ።

ሮው_ብቻ

ሮው ካለሽ ግማሹ ጭንቀት ቀርቷል። ጄፔጉን ለጊዜው እርሺው። ካሜራው ጄፔግ ሲሠራ ኖይዙን በራሱ ልክ አንዴ ቀንሶታል፣ ከዚያ ጠርዙን ሻርፕ (ጥርት ያለ) አድርጎታል፣ ከዚያ ፋይሉን ጨምቆታል፤ ስለዚህ የተረፈው ኖይዝ ከአንዱ ፒክስል ወደ ጎረቤቱ ተዛምቶ ተጓጉሏል፣ ሶፍትዌሩም የቱ ኖይዝ የቱ ቆዳ እንደሆነ ይምታታበታል። ሮው ላይ ግን ኖይዙ ገና አልተነካካም። መለየቱ ይቀላል። ቅንድቧ የጠፋው አፑ ስለማይረባ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ የሰጠሽው ፋይልም እጁ አለበት።

ሌላው፣ ያየሽው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። ቀይና አረንጓዴው የቀለም ኖይዝ ነው። ግራጫው የብርሃን ኖይዝ ነው፣ ሉሚናንስ የሚሉት። የቀለሙን ብዙ ሳትሳሺ አጥፊው፤ ዓይናችን ደቃቅ የቀለም ልዩነትን ያን ያህል አይከታተልም። ላይትሩም ራሱ ሮው ሲከፍት የቀለሙን 25 ላይ አድርጎ ነው የሚጀምረው፣ ሉሚናንሱን ግን 0 ላይ ይተወዋል። ያለ ምክንያት አይደለም። ፀጉሩም፣ የቆዳው ቀዳዳም፣ የልብሱ ድርና ማግም ያለው ሉሚናንሱ ውስጥ ነው። እሱን ስትቀንሺ እነሱንም እየነካሽ ነው።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ላይትሩም ካለሽ ከእሱ ጀምሪ። በ2023 እ.ኤ.አ. ዲኖይዝ የሚል በኤአይ የሚሠራ ነገር ተጨምሮበታል፣ ከድሮዎቹ ስላይደሮች ጋር አንድ አይደለም። ሮው ይፈልጋል፣ ጄፔግ አይቀበልም። ሲከፈት 50 ላይ ነው የሚቆመው፤ እኔ ለሰው ፊት ከ25 እስከ 40 ባለው መሃል ነው የምተወው። ዲኤክስኦ ፒዩርሮውም ሥራው በሮው ነው። ኖይዙን አጽድቶ፣ የሌንሱንም ጉድለት አስተካክሎ ዲኤንጂ የሚባል የሮው ዓይነት ፋይል ይመልስልሻል፣ ከዚያ በለመድሽው ፕሮግራም ትቀጥያለሽ። ግን ካሜራሽና ሌንስሽ ከሚያውቃቸው ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውን ሳታረጋግጪ እንዳትከፍዪ። ቶፓዝ ጄፔግም ይቀበላል፣ ስለዚህ ሮው የሌለው ሰው ወይም የድሮ ፎቶ የሚያጸዳ ሰው እሱ ጋ ቢሄድ አልፈርድበትም። የትኛውንም ብትይዢ ፕሮግራሙ በራሱ የመረጠውን ልክ እንዳለ አትቀበዪው።

የግራፊክስ ካርዱ ነገር፦ ያለ እሱም ይሠራሉ፣ ግን ላንድ ፎቶ ደቂቃዎች ልትጠብቂ ትችያለሽ። መጀመሪያ ፎቶውን ምረጪ። የምትሰጪያቸውን ብቻ ለይተሽ ማታ ለኩሰሽው ተኚ።

ጥላ_ወዳጅ

እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ኖይዙን ያየሽው ስንት ፐርሰንት ዙም አድርገሽ ነው? 100 ፐርሰንት ከሆነ ማንም በዚያ ልክ አያየውም። ፎቶሽ 6000 በ4000 ፒክስል ገደማ ነው። ሰው ስልኩ ላይ የሚያየው ወርዱ 2000 ቢሆን ነው። ያን ጊዜ ዘጠኝ ፒክስል ተደምሮ አንድ ይሆናል፣ አማካዩ ሲወሰድ ደግሞ የተበታተነው ኖይዝ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ያውም ምንም ሶፍትዌር ሳትገዢ! አሳንሰሽ ኤክስፖርት አድርጊና ስልክሽ ላይ እዪው፣ ከዚያ አሁንም ከረበሸሽ እንነጋገራለን።

ደግሞ ትንሽ ኖይዝ ምን አደረገሽ? የምሽት ሙዚቃ ነው። ሰው ዘፋኟን ነው የሚያየው። ደንበኛ ኖይዝ አለበት ብሎ ፎቶ ሲመልስ አላየሁም፣ ፊቴን ለሰናችሁት ብሎ ሲመልስ ግን አይቻለሁ። ቀለሙ በጣም ካስቸገረሽ ጥቁርና ነጭ አድርጊው፣ ቀይና አረንጓዴው ነገር እዚያው ያበቃል።

ሮው_ብቻ

ወንድሜ ጥላ፣ ለስልክ ልክ ነህ። ትልቅ ሆኖ ሊታተም ቢሆንስ? ክሮፕ ብታደርገውስ? ሩቡን ብቻ ቆርጣ ከወሰደች ያ ሁሉ የሚደመር ፒክስል ከየት ይመጣል?

ጥላ_ወዳጅ

ክሮፑ ላይ እስማማለሁ። ለኅትመት ግን አሁንም እከራከራለሁ፣ ትልቅ ፎቶ ሰው አፍንጫውን አስጠግቶ አያይም። ከፎቶግራፈር በስተቀር።

ሹተር_250

ስለ ሶፍትዌሩ ተብሏል፣ እኔ ማንሳቱ ላይ ልግባ። ኖይዝ የሚያመጣው አይኤስኦ ነው የሚባለው ነገር ብዙ ሰው አሳስቷል። ኖይዝ የሚመጣው ብርሃን ሲያንስ ነው። ብርሃን ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ) ላይ በእኩል አይዘንብም። አንድ ፒክስል ላይ በአማካይ 100 የብርሃን ቅንጣት የሚደርስ ከሆነ ቁጥሩ በ10 ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይህ 10 ፐርሰንት ነው። 10,000 ሲደርስ ግን ከፍ ዝቅ የሚለው በ100 ነው፣ 1 ፐርሰንት ብቻ። ጨለማው ጥግ ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው። ስለዚህ ኖይዝ ፈርተሽ አይኤስኦ 1600 ላይ አጨልመሽ ብታነሺና ኋላ ኮምፒውተር ላይ ብታበሪው የበለጠ ንጹሕ አይሆንልሽም፣ እንዲያውም በአንዳንድ ካሜራ ጥላው ውስጥ መስመር መስመር ያወጣል።

የመድረክ መብራት ቢጫ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሰማያዊው ቻናል (ሰማያዊ ብርሃን የሚመዘገብበት ክፍል) በቂ ብርሃን አያገኝም። ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነጭ እንዲመስል የሚያደርገውን የቀለም ሚዛን) ስታስተካክዪ ሶፍትዌሩ ያንን የተራበ ሰማያዊ ነው አብልጦ የሚያጎላው፣ ኖይዙም አብሮት ይጎላል። ነጩን ነገር ፍጹም ነጭ ለማድረግ አትታገዪ። ሞቅ ያለ ቀለም ትንሽ ብትተዪለት ነጠብጣቡ ይቀንሳል፣ መድረክም መድረክ ይመስላል።

ሌላው፣ ለኖይዝ ብለሽ ሹተር (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) አታዘግዪ። 1/30 ሰከንድ በአይኤስኦ 800 እና 1/250 በአይኤስኦ 6400 ፎቶው እኩል ነው የሚበራው። የመጀመሪያው ኖይዙ ያነሰ ነው፣ ግን ዘፋኟ ዞር ስትል ፊቷ ብዥ ይላል። ኖይዝ ይቀነሳል። ብዥታን መልሶ ፊት የሚያደርግ የለም፣ ያለው ከራሱ ፈጥሮ የሚሞላ ነው።

ብርሃን_ፈላጊዋ

ሁላችሁም ተባረኩ። በኤአይ ከሚሠሩት አንዱን ሮው ላይ ሞከርኩት፣ ልክ እንደተከፈተ ምንም ሳልነካ። ከጄፔጉ ጋር ሲተያይ ሰማይና ምድር ነው፣ ቅንድቧ ተመልሷል! አሳንሼ ስልክ ላይም አየሁት፣ ጥላ ያልከው እውነት ነው፣ ግማሾቹ ፎቶዎች ምንም ማጽዳት አያስፈልጋቸውም ነበር።

ግን አንድ ፎቶ ላይ ግራ ገባኝ። ማይክሮፎኑ አናት ላይ ያለው ወንፊት ግማሹ ጥርት ብሎ ቀዳዳው ይታያል፣ ግማሹ ደግሞ ልሙጥ ብረት ሆኗል። ከኋላ የተሰቀለው ባነር ላይ ደቃቅ ጽሑፍ ነበር፤ አሁን የማንም አገር ፊደል ያልሆነ ነገር ተጽፎበታል። ከሩቅ ጽሑፍ ነው፣ ቀረብ ብለሽ ስታነቢው ምንም አይልም። ምን ሆኖ ነው?

ሮው_ብቻ

የኤአይ ጠባዩ ነው። ኖይዝ ያለበትንና የሌለበትን ተመሳሳይ ምስል ጎን ለጎን እያየ ነው የተማረው። ስለዚህ ያንቺን ፎቶ ሲያገኝ ቀድሞ ካየው ተነስቶ እዚህ ጋ ፀጉር ይኖራል፣ እዚህ ጋ ጨርቅ ይኖራል ብሎ ይሞላል። ዝርዝሩ ኖይዝ ውስጥ በጥቂቱም ቢሆን ካለ ጎትቶ ያወጣዋል። ጨርሶ ከተሸፈነ ግን የሚያወጣው ነገር የለም፣ ይገምታል። ፀጉር ላይ ተሳስቶ ቢገምት ማን ያውቅበታል? ፊደል ላይ ግን ወዲያው ይጋለጣል። ወንፊቱም እንደዚያው ነው፣ ብርሃን ያገኘው ጎን ላይ ቀዳዳው ስለሚለይ አገኘው፣ ጥላ ያለበትን ልሙጥ ነው ብሎ ደመደመ።

ከኋላ የተቀመጡትን ታዳሚዎች ዙም አድርገሽ እያቸው። ፊታቸው በጣም ትንሽ ከሆነ ዓይናቸው ተንሸዋሮ ልታገኚው ትችያለሽ። ለማስረጃ ወይም ለዜና የሚሆን ፎቶ ቢሆን እኔ በዚህ ልክ አልነካውም።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ መጠኑን ወደ 30 አውርጂው፣ ብዙ ጊዜ ፊደሉ ያኔውኑ ወደ ድሮው ብዥታ ይመለሳል፣ ብዥታ ደግሞ ከውሸት ፊደል ይሻላል። ካልሆነ ሁለት ቅጂ አውጪ፦ አንዱ የጸዳው፣ ሌላው የቀለም ኖይዙ ብቻ የተነሳለት። ሁለቱን በሌየር (በንብርብር) ደራርቢና ባነሩንና ማይክሮፎኑን በማስክ (የፈለግሽውን ቦታ ብቻ በሚያሳይ መሸፈኛ) ካልጸዳው አምጪ። በስተመጨረሻ ግሬን (እንደ ድሮ ፊልም ያለ ደቃቅ ነጠብጣብ) ጣል አድርጊበት፣ 10 ወይም 15 በቂ ነው። የጸዳውና ያልጸዳው ተመሳስለው እንዲቀመጡ የሚያደርገው እሱ ነው። ኖይዝ አጥፍቶ ግሬን መጨመር እብደት እንደሚመስል አውቃለሁ።

በነፃ_ነው_የኔ

ስለ ነፃዎቹ ማንም አላነሳም እኮ። ዳርክቴብል አለ፣ ሮውቴራፒ አለ፣ ሁለቱም ሮው ይከፍታሉ፣ ክፍያም የላቸውም። ዳርክቴብል ውስጥ ፕሮፋይልድ ዲኖይዝ የሚባለውን ክፈቺ። የብዙ ካሜራዎች ኖይዝ በየአይኤስኦው ተለክቶ ውስጡ ተቀምጧል፣ ስለዚህ አይኤስኦ 6400 መሆኑን ከፋይሉ አንብቦ ልኩን ራሱ ይጀምርልሻል። እንደ ኤአይ ተአምር አይሠራም፣ እውነቱን ለመናገር አይኤስኦ 12800 እና ከዚያ በላይ ላይ የሚከፈልባቸው ይበልጡታል። ግን ፊደል አይፈጥርም! የሌለውን አያመጣም፣ ያለውን ነው የሚያለሰልሰው። ያለ ግራፊክስ ካርድም ቢሆን ከኤአዮቹ በጣም ይፈጥናል።

መጀመሪያ ሲከፈት ቁልፉ በዝቶ ያስደነግጣል። አትሽሺ፣ ከአሥሩ ዘጠኙን አትነኪውም።

ኮከብ_ቆጣሪ

ለወደፊቱ ይሁንሽ፦ የማይንቀሳቀስ ነገር ስታነሺ፣ ሕንፃ፣ የሌሊት ሰማይ፣ ባዶ መድረክ፣ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርገሽ አንዱን ነገር ደጋግመሽ አንሺና አማካዩን ውሰጂ። 4 ፎቶ ሲሆን ኖይዙ በግማሽ ይወርዳል፣ 16 ሲሆን ወደ ሩብ። ፎቶሾፕ ውስጥ ስማርት ኦብጀክት አድርገሽ ስታክ ሞዱን ሚን (Mean፣ አማካይ) ወይም ሚዲያን (Median፣ መካከለኛው ዋጋ) ማለት ነው። ማንም ምንም አይገምትም፣ የሚገኘው ዝርዝር ሁሉ እውነተኛ ነው። የስልኮች የሌሊት ሞድም በመሠረቱ ብዙ ፎቶ አንስቶ መደራረብ ነው። ለሚዘፍን ሰው አይሆንም፣ ቁጭ በይ ካላልሻት በቀር።

ረጅም ኤክስፖዠር (ሹተሩ ለብዙ ሰከንድ ተከፍቶ የሚነሳ ፎቶ) ላይ ደግሞ ካሜራው ውስጥ ያለውን የረጅም ኤክስፖዠር ኖይዝ መቀነሻ ካበራሽው ከፎቶው በኋላ ያንኑ ያህል ጊዜ ሹተሩን ዘግቶ ጨለማ ያነሳና እዚያ ላይ የታየውን ኖይዝ ከፎቶው ላይ ይቀንሰዋል። 30 ሰከንድ ካነሳሽ 30 ሰከንድ ትጠብቂያለሽ። ተበላሸ ብለሽ ባትሪውን እንዳትነቅዪ።

ብርሃን_ፈላጊዋ

ሃሃ፣ ቁጭ በይ ብላት ዝግጅቱ ያልቅ ነበር። 30 ላይ አወረድኩት፣ ባነሩ ብዥ አለ፣ ተገላገልኩ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሻርፕ ማድረጉ ከኖይዙ በፊት ነው በኋላ?

ሮው_ብቻ

በኋላ። ኖይዙን ከሁሉም አስቀድመሽ አጽጂ፣ ከዚያ ብርሃኑንና ቀለሙን አስተካክዪ፣ ሻርፕ መጨረሻ። ቀድመሽ ሻርፕ ካደረግሽ ኖይዙንም አብረሽ ታጎይዋለሽ። ላይትሩም ከሆነ ሻርፕኒንጉ ሥር ማስኪንግ የሚል ስላይደር አለ፣ አልት ተጭነሽ ጎትቺው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ነጭ ሆኖ የሚቀረው ብቻ ነው ሻርፕ የሚደረገው። ጉንጯና ከኋላዋ ያለው ጨለማ እስኪጠቁሩ ድረስ ጎትቺ፣ ዓይኗ፣ ፀጉሯና የማይክሮፎኑ ጠርዝ ነጭ ሆነው ሲቀሩ ልቀቂው።